የዩኒቨርሲቲ ግቢ ማስጠንቀቂያዎች በአሜሪካ፦ ከየት መጡ? እንዴትስ ይነበባሉ?

በአሜሪካ ኮሌጅ የገባ ተማሪ ስልክና የኢሜይል ሣጥን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በመልዕክት ይጥለቀለቃል። «ነገ ጠዋት በሰሜኑ ማደሪያ ውኃ ይቋረጣል።» «የቤተ መጻሕፍቱ ሊፍት ለጥገና ቆሟል።» «ሐሙስ የሥራ ዐውደ ርዕይ ስለሚካሄድ ተማሪዎች ከወዲሁ ይመዝገቡ።» «ትናንት ማታ ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ዝርፊያ ተፈጽሟል።» መልዕክቶቹ በበዙ ቁጥር ተማሪው ሳያነብ ማጥፋትን ይለምዳል። ከእነዚህ መካከል ግን ሕይወት የሚያድኑ አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ገንዘብን፣ ጤናን ወይም የመኖሪያ ፈቃድን የሚነኩ ሊሆኑ ይችላሉ።

ልጆቻቸውን በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩ ወላጆችም፣ በዚያው አገር ቢኖሩም ሆነ በአዲስ አበባ፣ በዱባይ ወይም በለንደን፣ ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከታቸዋል። ብዙዎቹ በግቢው ስለተፈጠረው ነገር የሚሰሙት ከዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ዘመድ ካስተላለፈው የዋትስአፕ ወይም የቴሌግራም መልዕክት ነው። ይህ ጽሑፍ ማስጠንቀቂያዎቹ የሚላኩት በየትኛው ሕግ እንደሆነ፣ በውስጣቸው የሚገኙት ቃላት ምን እንደሚያዝዙ፣ ተማሪና ወላጅ ምን የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ያብራራል። ቀናቱና ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ሰዓቱ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ነው።

አንዲት ተማሪና አንድ ሕግ

ዛሬ በአሜሪካ ማስጠንቀቂያ መላክ ለዩኒቨርሲቲዎች የበጎ ፈቃድ ተግባር አይደለም። በፌዴራል ሕግ የተጣለባቸው ግዴታ ነው። የሕጉ መነሻ ጂን ክሌሪ የተባለች የ19 ዓመት ተማሪ አሟሟት ነው።

ጂን በፔንሲልቬንያ ግዛት በሚገኘው ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበረች። ኤፕሪል 5 ቀን 1986 ሌሊት በማደሪያ ክፍሏ ተኝታ ሳለ ተደፍራ ተገደለች። ገዳዩ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ወደ ሕንፃው የገባውም መቆለፍ ሲገባቸው እንዳይዘጉ ተደግፈው ክፍት በተተዉ በሮች በኩል ነው። ወላጆቿ ኮኒ እና ሃዋርድ ክሌሪ ከሐዘናቸው በኋላ የተረዱት ነገር የበለጠ አንገበገባቸው። ልጃቸው ከመገደሏ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት በግቢው 38 የኃይል ወንጀሎች ተፈጽመው ነበር። ይህን ለተማሪዎችም ለወላጆችም የነገራቸው አልነበረም።

ቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲውን ከሰሰ፤ ጉዳዩም በስምምነት ተቋጨ። ወላጆቹ በ1987 ስለ ግቢ ደኅንነት የሚሟገት ድርጅት አቋቁመው ከአንዱ ግዛት ምክር ቤት ወደ ሌላው እየተመላለሱ ጥያቄያቸውን አቀረቡ። ፔንሲልቬንያ በ1988 የመጀመሪያውን ሕግ አወጣች። ኖቬምበር 8 ቀን 1990 ደግሞ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች ደብልዩ ቡሽ የፌዴራሉን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ በ1998 በጂን ክሌሪ ስም ተሰየመ። በዲሴምበር 2024 ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን በፈረሙት ማሻሻያም፣ አዲስ ገቢ ተማሪዎችን በማንገላታትና በማዋረድ የሚፈጸሙ ድርጊቶች ሪፖርት እንዲደረጉ ተጨመረ።

ሕጉ የሚመለከተው ተማሪዎቻቸው የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ድጋፍ የሚያገኙባቸውን ተቋማት ሁሉ ነው። ስለዚህ ከታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች እስከ ሁለት ዓመት ኮሌጆች ያሉትን አብዛኞቹን ይሸፍናል። በሕጉ መሠረት እነዚህ ተቋማት፦

- በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 ድረስ ያለፉትን ሦስት ዓመታት የወንጀል አኃዝ የያዘ የጸጥታ ሪፖርት ማውጣት አለባቸው።
- የራሳቸው ፖሊስ ወይም የጥበቃ ክፍል ካላቸው፣ ማንም ሰው ገብቶ ሊያየው የሚችል ዕለታዊ የወንጀል መዝገብ መያዝ አለባቸው። አዲስ አቤቱታ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ በመዝገቡ መግባት ይኖርበታል።
- የተማሪ ማደሪያ ካላቸው፣ ስለ እሳት አደጋ መከላከያ ዓመታዊ ሪፖርት ማቅረብ አለባቸው።
- ሥጋት ሲኖር ማስጠንቀቅ አለባቸው።

በዚህ መዝገብ ለመጠቀም ተማሪ መሆን ወይም የአሜሪካ ዜግነት አያስፈልግም። ልጁ የትኛውን ኮሌጅ እንደሚመርጥ ገና በማሰብ ላይ ያለ ወላጅም ሪፖርቱን ጠይቆ ማንበብ ይችላል።

ሁለት ሰዓት ከአሥራ አንድ ደቂቃ

የ1990ው ሕግ ማስጠንቀቂያ «በወቅቱ» እንዲሰጥ ቢያዝም፣ ወቅቱ መቼ እንደሆነ በደቂቃ አልቆጠረም። የዚህ ክፍተት ዋጋ የታየው ኤፕሪል 16 ቀን 2007 በቨርጂንያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ነው።

በዚያ ሰኞ ጠዋት 1:15 ገደማ በአንድ የተማሪዎች ማደሪያ ሁለት ሰዎች በጥይት ተመቱ። ፖሊስ ጉዳዩ በግል ጠብ የተነሣ እንደሆነና ተኳሹም ከግቢው እንደወጣ ገመተ። ዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያውን ኢሜይል የላከው 3:26 ላይ ነበር። ይህም ከመጀመሪያው ተኩስ ሁለት ሰዓት ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ መሆኑ ነው። ኢሜይሉ የተኩስ ድርጊት መፈጸሙንና ፖሊስ ምርመራ ላይ መሆኑን ከመግለጽ በቀር ገዳዩ እንዳልተያዘ አልተናገረም። ተማሪዎች እንደ ወትሮው ወደ ክፍል ገቡ። 3:40 ገደማ ያው ሰው ኖሪስ ሆል በተባለው የመማሪያ ሕንፃ በሮቹን በሰንሰለት ቆልፎ ተኩስ ከፈተ። በዚያ ቀን በሁለቱ ሕንፃዎች በድምሩ 32 ሰዎች ተገደሉ።

የፌዴራሉ የትምህርት ሚኒስቴር ዩኒቨርሲቲው ሕጉን እንደጣሰ ወስኖ ቅጣት ጣለበት። ዩኒቨርሲቲው በጊዜው በነበረው መረጃ ተገቢውን እንዳደረገ በመግለጽ ይግባኝ አለ። ክርክሩ ለዓመታት ቀጥሎ በ2014 ዩኒቨርሲቲው 32,500 ዶላር በመክፈል አበቃ።

ከገንዘቡ ይልቅ ዘላቂ የሆነው የሕጉ መለወጥ ነው። ምክር ቤቱ በ2008 ባወጣው ማሻሻያ መሠረት፣ የትምህርት ተቋማት በግቢያቸው ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን እንዳረጋገጡ ሳይዘገዩ ማሳወቅ አለባቸው። መዘግየት የሚፈቀደው መልዕክቱ ራሱ ተጎጂዎችን ለመርዳት ወይም አደጋውን ለመቆጣጠር የሚደረገውን ጥረት የሚያሰናክል ሲሆን ብቻ ነው። ሥርዓቱም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መሞከር አለበት። ተማሪዎች «ይህ ሙከራ ነው» የሚል መልዕክት በየጊዜው የሚደርሳቸው በዚህ ምክንያት ነው። የሙከራው መልዕክት ያልደረሰው ተማሪ ዕድለኛ ነው ማለት ይቻላል፤ ቁጥሩ እንዳልተመዘገበ በደኅናው ቀን አውቋልና።

ሁለት ዓይነት ማስጠንቀቂያ

በሕጉ መሠረት ሁለት የተለያዩ መልዕክቶች አሉ፤ የሚጠይቁትም ምላሽ የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው «ወቅታዊ ማስጠንቀቂያ» የሚባለው ሲሆን በመልዕክቱ ርዕስ ላይ «ታይምሊ ዋርኒንግ» ወይም «ክራይም አለርት» ተብሎ ይጻፋል። የሚላከው ከተፈጸመ ወንጀል በኋላ ነው። ወንጀሉ ሕጉ ከዘረዘራቸው መካከል መሆን፣ በግቢው ወይም ከግቢው ጋር በተያያዘ ቦታ መፈጸም፣ ለሌሎችም የሚቀጥል ሥጋት መፍጠር አለበት። ዝርፊያ፣ ጾታዊ ጥቃት፣ ከባድ ድብደባና ቤት ሰብሮ ስርቆት ከእነዚህ መካከል ናቸው። መልዕክቱ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ የአፈጻጸሙን ሁኔታና የመጠንቀቂያ ምክር ይይዛል። የተበዳዩን ስም ግን አይገልጽም። እንዲህ ዓይነቱ ማስጠንቀቂያ ሲደርስ ተማሪው ሮጦ መሸሽ አይጠበቅበትም። መንገዱን መቀየር፣ ከጓደኛ ጋር መሄድ ወይም የግቢው ጥበቃ እስከ ማደሪያው እንዲሸኘው መጠየቅ ይችላል። ማታ ተማሪን በእግር ወይም በመኪና መሸኘት ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ያለ ክፍያ የሚሰጡት አገልግሎት ነው።

ሁለተኛው «የአስቸኳይ ጊዜ ማሳወቂያ» ነው። ይህ አሁን በመድረስ ላይ ስላለ አደጋ ይናገራል። አደጋው የግድ ወንጀል ላይሆን ይችላል። ቶርኔዶ፣ የጋዝ መፍሰስ፣ የእሳት ቃጠሎ፣ የኬሚካል አደጋ ወይም ብርቱ ተላላፊ በሽታም ይሆናል። በአጭር የስልክ ጽሑፍ፣ በኢሜይል፣ በሳይረን፣ በሕንፃ ድምፅ ማጉያና በኮምፒውተር መስኮቶች በአንድ ጊዜ ይተላለፋል። የሚጠይቀው ምላሽ ማሰላሰል ሳይሆን ወዲያውኑ መታዘዝ ነው።

ዝም ያሉ ተቋማት የከፈሉት

ሕጉ ያለ ክትትል ቢተው ኖሮ በወረቀት ላይ ይቀር ነበር። በምሥራቃዊ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በዲሴምበር 2006 አንዲት ተማሪ በማደሪያ ክፍሏ ሞታ ስትገኝ፣ ዩኒቨርሲቲው የወንጀል ጥርጣሬ እንደሌለ አሳወቀ። ከአሥር ሳምንት ገደማ በኋላ አንድ ተማሪ በግድያ ተጠርጥሮ ሲያዝ፣ ቤተሰቧም ሆነ ሌሎቹ ተማሪዎች እውነቱን ያወቁት ያን ጊዜ ነው። በዚያ ሁሉ ሳምንት በዚያው ማደሪያ የኖሩት ተማሪዎች ራሳቸውን የሚጠብቁበት መረጃ ተነፍገው ነበር። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት በ2007 ከሥልጣን ተነሱ፤ ተቋሙም ተቀጣ።

ከዚያ ወዲህ ቅጣቱ እየከበደ መጥቷል። ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2016 ወደ 2.4 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ፣ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2019 4.5 ሚሊዮን ዶላር፣ በቨርጂንያ የሚገኘው ሊበርቲ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ2024 14 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥተዋል። የወንጀል አኃዙ ከፍ ያለ ሪፖርት የግድ የከፋ ግቢ ምልክት አይደለም። ተማሪዎቹ የሚያመለክቱበትና ተቋሙም በታማኝነት የሚመዘግብበት ግቢ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሺህ ተማሪ እያለው ለሦስት ዓመት አንድም ጾታዊ ጥቃት ያልመዘገበ ተቋም ሲታይ፣ ወላጅ «ለምን?» ብሎ ቢጠይቅ አግባብ ነው።

በመልዕክቱ ውስጥ ያሉ ትእዛዛት

የአስቸኳይ ጊዜ መልዕክት አጭር ነው። በእንግሊዝኛ የሚጻፉትን ጥቂት ቃላት አስቀድሞ ማወቅ ደቂቃዎችን ያተርፋል።

«ሼልተር ኢን ፕሌስ» ማለት ካሉበት ሕንፃ አይውጡ፣ ውጭ ከሆኑም በአቅራቢያው ወዳለው ሕንፃ ይግቡ ማለት ነው። የአየር ጠባይ አደጋ ከሆነ ከመስኮት ርቆ ወደ ታችኛው ፎቅ መውረድ ያስፈልጋል። የኬሚካል አደጋ ከሆነ ደግሞ መስኮት መዝጋትና የአየር ማቀዝቀዣውን ማጥፋት ይጠይቃል።

«ሎክዳውን» ከዚህ ይጠብቃል። በር መቆለፍ፣ መብራት ማጥፋት፣ ስልክን ድምፅ አልባ ማድረግና ከመስኮትና ከበር እይታ መራቅ ማለት ነው። ለማያውቁት ሰው በር አይከፈትም።

«ኢቫኩዌት» ሕንፃውን ለቅቆ መውጣትን ያዝዛል። ዕቃ ለመሰብሰብ መዘግየት ወይም በሊፍት መጠቀም አይገባም።

«ራን፣ ሃይድ፣ ፋይት» የሚሉት ሦስት ቃላት የታጠቀ ሰው ጥቃት ሲፈጽም የሚሰጡ መመሪያዎች ናቸው። የሂውስተን ከተማ በ2012 ባሰራጨው የማስተማሪያ ፊልም በአገሪቱ ታውቀዋል። በቅደም ተከተል «መሸሽ ከቻልክ ሽሽ፤ ካልቻልክ ተደበቅ፤ ሁለቱም ካልሆኑና ሕይወትህ አደጋ ላይ ከወደቀ ታገል» እንደማለት ናቸው። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2023 ምሽት በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሦስት ተማሪዎች ሲገደሉ፣ ለተማሪዎች የተላከው መልዕክት እነዚህን ቃላት የያዘ ነበር። ተማሪዎቹ ለአራት ሰዓት ያህል በጨለማ ክፍል ተቆልፈው ቆይተዋል።

«ኦል ክሊር» አደጋው ማለፉን ያበሥራል። ይህ ቃል ከዩኒቨርሲቲው ወይም ከፖሊስ እስኪመጣ ድረስ፣ ውጭው ጸጥ ቢልም እንኳ ከተደበቁበት መውጣት አይገባም።

የአየር ጠባይ መልዕክቶችም የሚያምታቱ ሁለት ቃላት አሏቸው። «ቶርኔዶ ዋች» ሲባል ሁኔታው ለቶርኔዶ የተመቸ በመሆኑ በንቃት ይጠባበቁ ማለት ነው። «ቶርኔዶ ዋርኒንግ» ሲባል ግን ቶርኔዶው በዓይን ወይም በራዳር ታይቷል፤ አሁኑኑ ይጠለሉ ማለት ነው።

ሰዓትን በሚመለከትም ጥንቃቄ ያሻል። የዩኒቨርሲቲው መልዕክት «8:30 ፒኤም» ሲል በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከምሽቱ 2:30 ማለት ነው። አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በበጋቸው ሰባት ሰዓት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ትቀድማለች። በውድቅት ሌሊት የነቃ ወላጅ መልዕክቱን አንብቦ ከመደንገጡ በፊት የተጻፈበትን ሰዓት ቢያሰላ፣ ምናልባት አደጋው ካለፈ ቆይቶ ይሆናል።

የሐሰት ጥሪዎች

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሌላ ችግር ተፈጥሯል። ስማቸውን የሰወሩ ሰዎች ለፖሊስ እየደወሉ ያልተፈጸመ ተኩስ ወይም ያልተቀበረ ቦምብ እንዳለ ይናገራሉ። አሜሪካውያን ድርጊቱን «ስዋቲንግ» ይሉታል።

በ2022 መጀመሪያ በታሪክ ለጥቁር አሜሪካውያን የተቋቋሙ በርካታ ኮሌጆች ተከታታይ የቦምብ ዛቻ ደርሶባቸዋል። ከእነዚህ መካከል ኢትዮጵያዊው ሐኪም መላኩ በያን የሕክምና ትምህርታቸውን የተማሩበትና ዛሬም በርካታ የኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ የሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ነው። የፌዴራሉ ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍ ቢ አይ፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ከአብዛኛው ዛቻ ጀርባ ዕድሜው ለአካለ መጠን ያልደረሰ አንድ ሰው እንደነበረ አስታውቋል። ኦገስት 21 ቀን 2025 ደግሞ በፔንሲልቬንያ ቪላኖቫ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ተማሪዎችና ወላጆቻቸው በአቀባበል ሥነ ሥርዓት ላይ ሳሉ የታጠቀ ሰው ገብቷል የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው። ሰዎች በድንጋጤ ሲሮጡ ወንበሮች ተገለባበጡ። በኋላ ጥሪው ሐሰት መሆኑ ተረጋገጠ።

የሐሰት ጥሪ ከሚያስከትለው ድንጋጤ የከፋው ጉዳቱ ሰዎችን ማዘናጋቱ ነው። ደጋግሞ በከንቱ የሮጠ ሰው እውነተኛው ቀን ሲመጣ ከወንበሩ ላይነሣ ይችላል። የጸጥታ ባለሙያዎች የሚሰጡት ምክር አንድ ነው፤ «ኦል ክሊር» እስኪሰማ ድረስ ማንኛውም ማስጠንቀቂያ እንደ እውነት ይቆጠር።

አሰልቺ የሚመስሉት ማስታወቂያዎች

ከአደጋ ውጭ ያሉት የአገልግሎት ማስታወቂያዎች ብዙ ጊዜ ሳይነበቡ ያልፋሉ። አንዳንዶቹ ግን የሚያስከፍሉት ዋጋ ቀላል አይደለም።

ማደሪያ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በዲሴምበር የዕረፍት ወቅት ማደሪያዎችንና የምግብ አዳራሾችን ይዘጋሉ። ወደ አገሩ የማይመለስ ተማሪ ለመቆየት አስቀድሞ ማመልከት ይኖርበታል። የማመልከቻው ቀን የሚገለጸው ሳምንታት ቀድሞ በሚላክ አንድ ኢሜይል ሊሆን ይችላል። ያንን ያላነበበ ተማሪ በብርዱ ወራት ሻንጣውን ይዞ የሚያድርበት ዘመድ ይፈልጋል።

ውኃ። የቧንቧ መስመር ሲሰበር «ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ» የሚል ማስታወቂያ ይወጣል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል መመሪያ ውኃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ አንድ ደቂቃ እንዲቆይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ባሉ ቦታዎች ደግሞ ሦስት ደቂቃ እንዲቆይ ያዝዛል። ማስታወቂያው እስኪነሣ ድረስ ጥርስ የሚቦረሸውም በፈላው ውኃ ነው።

በረዶ። «ዲሌይድ ኦፕኒንግ» ዩኒቨርሲቲው ዘግይቶ እንደሚከፈት ሲገልጽ፣ «ክሎዝድ» ዝግ መሆኑን ያመለክታል። ግቢው ሲዘጋ ትምህርቱ በኢንተርኔት ሊቀጥል ስለሚችል ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው ማንበብ ያሻል።

ማጭበርበር። «በሳምንት ጥቂት ሰዓት ሠርተህ ብዙ ዶላር» የሚሉ ኢሜይሎች ተማሪዎችን ያጠምዳሉ። አጭበርባሪው ቼክ ይልክና ከፊሉን መልሰህ አስተላልፍ ይላል። ቼኩ የሐሰት መሆኑ ሲታወቅ ባንኩ ገንዘቡን ከተማሪው ይጠይቃል። በኤፍ-ዋን ቪዛ ለሚማር የውጭ አገር ተማሪ አደጋው እጥፍ ነው። ይህ ቪዛ ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት በግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ብቻ መሥራት ይፈቅዳል። ያለ ፈቃድ ከግቢ ውጭ መሥራት የመኖሪያ መብትን ሊያሳጣ ይችላል። የኢሚግሬሽን ባለሥልጣን ነኝ ብሎ በስልክ ገንዘብ ወይም የስጦታ ካርድ የሚጠይቅም አጭበርባሪ ነው።

የዝግጅት ጥሪዎች

ጥሪዎቹም ቋንቋቸውን ማወቅ ይጠይቃሉ። «ኦፕን ቱ ዘ ፐብሊክ» የሚል የሕዝብ ንግግር ወይም ዐውደ ርዕይ ለግቢው ተማሪዎች ብቻ ሳይሆን ለአካባቢው ነዋሪዎችም ክፍት ነው። በዚህ መንገድ ስለ ዜግነት ማመልከቻ፣ ስለ ግብር ወይም ስለ ጤና የሚሰጡ ነፃ ትምህርቶችን ማንም መካፈል ይችላል። «አር ኤስ ቪ ፒ» የሚል ካለበት መገኘትን አስቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል። የምረቃ ሥነ ሥርዓት በብዙ ግቢዎች ለአንድ ተመራቂ በተወሰነ ቁጥር ትኬት ይሰጣል። ዘመድ አዝማድ ተጠራርቶ በሚመጣበት የእኛ ባህል፣ ይህን ቁጥር ዘግይቶ ማወቅ ከሩቅ የመጣን አያት ከበር ያስቀራል። ወደ ስታዲየም በመስታወት እንደሚታይ ግልጽ ቦርሳ ብቻ ይዞ መግባት የሚፈቀድበት ደንብም ተለምዷል።

ወላጅ ምን ማወቅ ይችላል?

ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች «የከፈልኩት እኔ፣ ልጁም የእኔ፤ እንዴት አይነግሩኝም?» ይላሉ። በአሜሪካ በ1974 የወጣው ፌርፓ የተባለው የትምህርት መረጃ ሕግ ተማሪው ኮሌጅ ሲገባ በመዝገቡ ላይ ያለውን መብት ከወላጅ ወደ ተማሪው ያሸጋግራል። ስለዚህ ውጤትንም ሆነ ሌላ መረጃ ለማግኘት የተማሪው የጽሑፍ ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል። ሆኖም የተማሪው ወይም የሌሎች ጤናና ደኅንነት አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ተቋሙ ለወላጅ እንዲያሳውቅ ሕጉ ራሱ ይፈቅዳል።

በግቢ ማደሪያ የሚኖር ተማሪ ከጠፋ ደግሞ የክሌሪ ሕግ ተጨማሪ መብት ይሰጣል። ተማሪው ቢጠፋ የሚጠራለትን ሰው በምስጢር ማስመዝገብ ይችላል። ተቋሙም ተማሪው መጥፋቱን ካረጋገጠ በ24 ሰዓት ውስጥ ለዚያ ሰው ማሳወቅ አለበት። ተማሪው ከ18 ዓመት በታች ከሆነና ራሱን ችሎ የሚኖር ካልሆነ ለወላጁም ይነገራል። ይህን ስም ሲመዘግብ ወላጆቹ ውጭ አገር ያሉ ተማሪ፣ ስልኩ በቶሎ የሚነሣና እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው ቢመርጥ ይበጃል።

የቋንቋው ክፍተት

ከዩኒቨርሲቲዎቹ ሥርዓት በተጨማሪ መንግሥት ወደ ስልኮች ሁሉ የሚልከው የአደጋ ማስጠንቀቂያ አለ። የፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን በኦክቶበር 2023 ይህ ማስጠንቀቂያ ከእንግሊዝኛ ሌላ በአገሪቱ በብዛት በሚነገሩ 13 ቋንቋዎች በተዘጋጁ ቅጾች እንዲቀርብ ወስኖ ነበር። አማርኛ ከእነዚህ መካከል የለም። በአንጻሩ የዋሽንግተን ዲሲ አስተዳደር በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት ለነዋሪዎች አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ የማያነቡ ወላጆች ማስጠንቀቂያውን የሚረዱት በልጆቻቸው ተርጓሚነት ነው። አደጋው የደረሰው በልጁ ላይ ከሆነ ግን ተርጓሚው አጠገባቸው አይኖርም።

ዛሬውኑ ሊደረጉ የሚችሉ

- ተማሪው የስልክ ቁጥሩ በዩኒቨርሲቲው የማስጠንቀቂያ ሥርዓት መመዝገቡን ያረጋግጥ። ስልክ ቁጥር ሲቀየር ምዝገባውም ይታደስ።
- ሥርዓቱ ለቤተሰብ ቁጥር ቦታ ካለው የወላጅም ይጨመር። ከሌለው የዩኒቨርሲቲውን የአስቸኳይ ጊዜ ድረ ገጽ በወላጅ ስልክ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል።
- የግቢው ፖሊስ ቀጥተኛ ቁጥር ይያዝ። ከእጅ ስልክ ወደ 911 የሚደረግ ጥሪ ወደ ከተማው ማዕከል ሊሄድ ስለሚችል፣ የግቢውንና የሕንፃውን ስም አስቀድሞ መናገር ይጠቅማል።
- ወደ 911 የሚደውል አማርኛ ተናጋሪ በቅድሚያ «አምሃሪክ» ቢል፣ በብዙ ቦታዎች አስተርጓሚ በስልክ ይገናኛል።
- በአደጋ ሰዓት ለተደበቀ ልጅ አለመደወል። የስልክ ጩኸት መደበቂያውን ሊያጋልጥ ይችላል። አንድ አጭር ጽሑፍ ልኮ መጠበቅ ይሻላል።
- ቤተሰቡ «ደኅና ነኝ» የሚል መልዕክት ለማን ቀድሞ እንደሚላክ ይስማማ። ያ ሰው ለሌሎቹ ያስተላልፍ።
- ምንጩና ሰዓቱ ያልታወቀ መልዕክት ለሌላ አይላክ።
- ከጭንቀት ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ጋር ለሚታገል ተማሪ፣ 988 የተባለው ቁጥር ከ2022 ጀምሮ በመላ አሜሪካ ሌት ተቀን ይሠራል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ይህ ሁሉ ዝግጅት ከሃያ ደቂቃ የበለጠ አይወስድም። ኮኒ እና ሃዋርድ ክሌሪ ለልጃቸው የተመኙት ማንበብ የሚችሉትን አንድ እውነተኛ ማስታወቂያ ነበር። እነርሱ በጊዜው ያላገኙት ያ ማስታወቂያ፣ በእነርሱ ጥረት ዛሬ በየተማሪው ስልክ ይደርሳል።